ፈረሱላው ስንት ኪሎ ነው? ስለ ጌጅ ቲዎሪ ለአክስቴ የነገርኳት

አክስቴ ቡና የምታስበው በፈረሱላ ነው። ጅማ ውስጥ የቡና ንግድ የነካ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ። ሚዛኗ የሚያሳየው ኪሎ ነው፤ እሷ ግን ቁጥሩን እንዳየች በጭንቅላቷ ቀይራ ትጨርሳለች። 340 ላይ ሲቆም «ሃያ ፈረሱላ» ትላለች፣ ካልኩሌተር ሳትነካ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት መጋዘኗ በር ላይ በርጩማ ስቤ እያነበብኩ ነበር። የመጣው ጀንፈል ተመዝኖ አልቋል። አቦሉ ተቀድቷል። «አሁን ይሄ ሌት ተቀን የምታነበው ነገር ምንድነው?» አለችኝ።

«ጌጅ ቲዎሪ።»

«ጌጅ? የመኪናው?»

አዎ፣ ያው ቃል ነው። ሾፌር «ጌጁ ወርዷል» ሲል የነዳጁን መለኪያ ማለቱ ነው። ጌጅ ማለት መለኪያ ነው። መጽሐፉን ዘግቼ ልነግራት ሞከርኩ። እዚህ የምጽፈው ያኔ ያወራነውን ነው፤ በደንብ ሳልነግራት የቀረውን ጨምሬበታለሁ። ነገሩን በጣም ስለምወደው ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ብርሃን፣ ኤሌክትሪክ፣ የአቶምን እምብርት አጣብቆ የያዘው ኃይል፣ ፀሐይ እንድትነድ የሚያደርገው ሂደት፣ እነዚህ ሁሉ ከአንድ ሐሳብ ይወጣሉ። ሐሳቡ ደግሞ አክስቴ በየቀኑ ከምትሠራው ሥራ ብዙም አይርቅም።

ዜሮው የት ነው?

ከቀላሉ እንጀምር። እኛ ጠዋት 12 ሰዓት የምንለውን ፈረንጅ 6 ሰዓት ይለዋል። አውቶቡስ ከጅማ 12 ሰዓት ተነስቶ አዲስ አበባ ከቀኑ 7 ሰዓት ቢገባ፣ በነሱ አቆጣጠር 6 ሰዓት ተነስቶ 13 ሰዓት ገባ ማለት ነው። መንገዱ ግን በኛም በነሱም 7 ሰዓት ፈጀ። ቆጠራውን ከየት እንደምንጀምር የኛ ምርጫ ነው። በምርጫችን የማይነካው ልዩነቱ ነው። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታትና ቀናት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ይህም ያው የመነሻ ምርጫ ነው።)

15 ሺህ ቮልት በተሸከመ ሽቦ ላይ ወፍ አርፋ ላባዋን ስታበጥር አይታችኋል። ምንም አትሆንም። ሁለቱም እግሮቿ ያሉት እዚያው 15 ሺህ ላይ ነው፤ በመካከላቸው ልዩነት የለም። ግልገል ጊቤ አንድም እንዲሁ ነው። 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅሙን ያገኘው ውሃው ከባሕር ወለል በላይ ስንት ሜትር ላይ ስለተቀመጠ አይደለም። ከግድቡ እስከ ተርባይኑ ስንት ሜትር ስለሚወርድ ነው።

አንድ ነገር ቀይረህ ውጤቱ ካልተቀየረ፣ ፊዚክስ «ሲሜትሪ አለ» ይላል። የተቀመጥኩበት ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ አንድ ሦስተኛ ዙር ቢዞር፣ መዞሩን ማንም አያውቅም። ሲሜትሪ ማለት ይሄው ነው። ኤሚ ኖተር የምትባል ጀርመናዊት የሒሳብ ሊቅ በ1918 አንድ ትልቅ ነገር አሳየች። ያለማቋረጥ ሊንሸራተት የሚችል ሲሜትሪ ባለበት ሁሉ የማይጠፋ ነገር አለ። የተፈጥሮ ሕግ ትናንትም ዛሬም አንድ ከሆነ ጉልበት፣ ማለትም ኢነርጂ፣ አይጠፋም። በቮልት ዜሮ ላይ ያለን ነፃነትም ከኤሌክትሪክ ቻርጅ አለመጥፋት ጋር የተሳሰረ ነው።

ከተማው ሁሉ የራሱ ፈረሱላ ቢኖረው

እስካሁን ያልነው ሁሉም ሰው በአንድ ላይ ሲቀይር ነው። አሁን ጥያቄውን እናክብደው። እያንዳንዱ ከተማ ማንንም ሳያማክር የራሱን መለኪያ መምረጥ ቢችልስ?

የአጋሮ ፈረሱላ 16 ኪሎ ይሁን። የበደሌ 20፣ የመቱ 15። (ለምሳሌ ያህል ነው፤ እውነተኛው 17 ነው።) ንግዱ ይፈርሳል? አይፈርስም። በየሁለቱ ከተማ መካከል መቀየሪያ ካለ ይበቃል። ከጅማ ወደ አጋሮ ስትሄድ በዚህ አባዛ፣ ከአጋሮ ወደ በደሌ በዚያ። አጋሮ ነገ ተነስቶ «ከዛሬ ጀምሮ ፈረሱላዬ 18 ነው» ቢል፣ ወደ አጋሮ የሚያስገባውና ከአጋሮ የሚያስወጣው መቀየሪያ ይስተካከላል እንጂ ቡናው ያው ቡና ነው።

ልብ በሉ። ለከተሞቹ ነፃነት ሰጠን፤ ነፃነቱ መቀየሪያ ይዞ መጣ። መቀየሪያ ከሌለ የአጋሮን ቁጥር ከጅማ ቁጥር ጋር ማወዳደር ራሱ ትርጉም የለውም።

አሁን ዙሩን እንሂድ። ከጅማ ወደ አጋሮ፣ በደሌ፣ መቱ፣ ጎሬ፣ ማሻ፣ ቴፒ፣ ሚዛን ተፈሪ፣ ቦንጋ፣ ከዚያ ተመልሶ ጅማ። መንገዱን የሄደበት ያውቀዋል። መቀየሪያውን የያዙት በየመንገዱ ያሉ ደላሎች ናቸው እንበል። «1 ፈረሱላ» የሚል ወረቀት ይዘህ ወጣህ። በየደረስክበት ደላላው ቁጥሩን ወደዚያ ከተማ መለኪያ ይቀይርልሃል። ዙሩን ጨርሰህ ጅማ ስትገባ ወረቀትህ ላይ ያለው 1 ከሆነ፣ ያ ሁሉ ልዩነት የስም ልዩነት ብቻ ነበር ማለት ነው። ግን 1 ከሩብ ቢልስ?

ያቺን ሩብ ማንም አይሰርዛትም። አጋሮ ፈረሱላውን ቢለውጥ፣ ወደ አጋሮ ሲገባ የጨመረው ከአጋሮ ሲወጣ ይቀነሳል። በደሌም ቢለውጥ እንዲሁ። ሩቧ ትቆያለች። የማንም ምርጫ አልፈጠራትም፣ የማንም ምርጫ አያጠፋትም። ስለዚህ እዚያ ዙር ውስጥ አንድ እውነተኛ ነገር አለ።

የጌጅ ቲዎሪ ልቡ ይሄ ነው። መቀየሪያዎቹ አንድ በአንድ ሲታዩ የምርጫ ጉዳይ ናቸው። በዙሩ ላይ የሚተርፈው ግን ኃይል ነው። ማግኔታዊ መስክ የምንለው ነገር፣ በሒሳቡ ቋንቋ፣ በትንሽዬ ዙር ላይ የሚተርፍ እንዲህ ያለ ሩብ ነው።

አክስቴ ይህን ስትሰማ ሲኒዋን አስቀመጠች። «ሩቧ ከየት መጣች ታዲያ?»

ነጋዴ አይደለች? ትክክለኛውን ጥያቄ ነው የጠየቀችው። ሩቧን የሚፈጥሩት ራሳቸው ቻርጅ ያላቸው ነገሮች ናቸው። ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሮኖች ሲሄዱ በዙሪያቸው ያለው መቀየሪያ ይዛባል። በአጠገቡ ዞሮ የሚመለስ ሌላ ኤሌክትሮን ደግሞ ያን መዛባት ይቆጥራል። ኃይል ማለት ይህ ልውውጥ ነው።

ዋይል እና አንስታይን

ሐሳቡ ሲወለድ ቃል በቃል የመለኪያ ሐሳብ ነበር። ሔርማን ዋይል የተባለ ጀርመናዊ የሒሳብ ሊቅ በ1918 እንዲህ አሰበ። የሜትር ርዝመት ራሱ ከቦታ ቦታ ሊመረጥ የሚችል ቢሆን፣ ዙር ላይ የሚተርፈው ነገር ኤሌክትሪክና ማግኔት ሊሆን ይችላል። ስሙንም ከዚያው ከመለኪያ አወጣለት።

አንስታይን ሐሳቡን አደነቀው፣ ግን ወዲያው ቀዳዳውን አየ። ሁለት የሃይድሮጅን አቶሞች በተለያየ መንገድ ሄደው ቢገናኙ፣ በዋይል ስሌት መጠናቸው መለያየት አለበት። እንግዲያው የሚያወጡት የብርሃን ቀለምም ይለያያል። ይህ ደግሞ አይታይም። ከሩቅ ኮከብ የመጣ ሃይድሮጅንም ቤተ ሙከራ ውስጥ ያለውም የሚያወጣው ያንኑ ቀለም ነው። አቶም ያለፈበትን መንገድ አያስታውስም።

ሐሳቡ እዚያ ሊሞት ይችል ነበር። ኳንተም ሜካኒክስ መጥቶ አዳነው። ኤሌክትሮን እንደ ሞገድ ይታሰባል፤ ሞገዱ በእያንዳንዱ ቦታ ላይ እንደ ሰዓት ቆጣሪ የሚዞር ቀስት አለው። ፊዚክሱ ፌዝ ይለዋል፤ የወፍጮ ቤት ሰዎች «ሦስት ፌዝ» ከሚሉት ቃል ጋር አንድ ነው። ቀስቱ ወዴት ሲያመለክት «12» እንበለው? የምርጫ ጉዳይ ነው። ዋይል በ1929 ይህን ይዞ ተመለሰ። ከቦታ ቦታ በነፃነት የሚመረጠው የቀስቱ መነሻ ነው እንጂ ርዝመት አይደለም አለ። ፈረሱላው ተቀየረ፤ ዙሩ ግን ትክክል ነበር።

ለዚህ ቀስት መቀየሪያ አበጅተህ በጣም ቀላሉን ቀመር ስትጽፍለት፣ የሚወጣው ማክስዌል በ1860ዎቹ የጻፋቸው የኤሌክትሪክና የማግኔት ቀመሮች ናቸው። ሲርገበገብ ደግሞ ብርሃን ነው። ይህን መጀመሪያ በወረቀት ላይ በእጄ ስሠራው ሌሊት ነበር፣ መብራትም ጠፍቶ በሻማ ነው የጨረስኩት። የሻማዋን ብርሃን ለረጅም ጊዜ ተመለከትኩት። አምፖሉም ሻማውም ፀሐይዋም የመቀየሪያ ሞገድ ናቸው።

«ይሄ የሒሳብ ጨዋታ ነው» ለሚል ሰው አንድ ሙከራ አለኝ። በ1959 ያኪር አሃሮኖቭ እና ዴቪድ ቦም እንዲህ አሉ። ማግኔታዊውን መስክ አጥር ውስጥ ዘግተን፣ ኤሌክትሮኑን በአጥሩ ግራና ቀኝ እናሳልፈው። በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ መስኩ ዜሮ ነው። ግን ሁለቱ መንገዶች አንድ ላይ ሲታዩ ዙር ይሠራሉ፤ ዙሩ መሃል ላይ ደግሞ ማግኔቱ አለ። ስለዚህ ሲገናኙ ቀስቶቹ መለያየት አለባቸው። በ1986 የጃፓኑ አኪራ ቶኖሙራ እና ባልደረቦቹ ማግኔቱን አንድም መስክ እንዳያመልጥ በሱፐርኮንዳክተር ሸፍነው ሞከሩት። ቀስቶቹ ተለያዩ። ኤሌክትሮኑ ምንም ሳይነካው ሩቧን ይዞ ተመለሰ።

ቅደም ተከተል ሲለይ

ለአክስቴ ይህን ያሳየኋት በተቀመጥኩበት በርጩማ ነው። እናንተም ሞክሩት። በርጩማውን አቁማችሁ መጀመሪያ ወደ ፊት አስተኙት፤ መቀመጫው ወደ ፊት ያያል። ከዚያ እንደተኛ ሩብ ዙር ወደ ቀኝ አዙሩት። መቀመጫው ወደ ቀኝ ያያል። አሁን ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሩና ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። መጀመሪያ እንደቆመ ወደ ቀኝ አዙሩት፣ ከዚያ ወደ ፊት አስተኙት። መቀመጫው ወደ ፊት ያያል። ሁለቱ ሥራዎች ያው ናቸው፤ ውጤቱ ግን ተለያየ።

የሰዓት ቆጣሪ እንዲህ አይደለም። ሁለት ሰዓት ከዚያ ሦስት ሰዓት ብታዞረው፣ ወይም ሦስት ከዚያ ሁለት፣ መድረሻው አንድ ነው። የኤሌክትሪክ መቀየሪያ የሰዓት ቆጣሪ ዓይነት ነው። በ1954 ቸን ኒንግ ያንግ እና ሮበርት ሚልስ የበርጩማውን ዓይነት መቀየሪያ ጻፉ። የነሱ «ፈረሱላ» የቀስት መነሻ ብቻ አልነበረም። የትኛውን ቅንጣት ፕሮቶን፣ የትኛውን ኒውትሮን እንበለው የሚለው ስያሜ ነበር፣ ያውም ከቦታ ቦታ በነፃነት።

ቅደም ተከተል ሲለይ አንድ አዲስ ነገር ይከተላል። መቀየሪያዎቹ እርስ በርሳቸው ይነካካሉ። ሁለት የባትሪ ብርሃን ብታጋጩ ይተላለፋሉ እንጂ አይጋጩም፤ የብርሃን ቅንጣት የሆነው ፎቶን ቻርጅ የለውም። የያንግ እና የሚልስ መቀየሪያዎች ግን ራሳቸው ቻርጅ ተሸካሚ ናቸው። ደላላው ራሱ ሸቀጥ ሆነ እንደማለት ነው።

ችግሩ ያንግ በዚያው ዓመት ፕሪንስተን ላይ ሐሳቡን ሲያቀርብ ብቅ አለ። ቮልፍጋንግ ፓውሊ «የዚህ መስክ ክብደት ስንት ነው?» እያለ ደጋግሞ ያዘው። ያንግ መልስ አልነበረውም፤ ንግግሩን አቋርጦ እስከ መቀመጥ ደረሰ። የፓውሊ ጥያቄ እውነተኛ ነበር። የቦታ ቦታው ነፃነት እንዲጠበቅ መቀየሪያው እንደ ብርሃን ክብደት አልባ መሆን አለበት። በቀመሩ ላይ ክብደት በግድ ከጨመርክ ነፃነቱ ይፈርሳል። ክብደት አልባ ከሆነ ደግሞ እንደ ብርሃን በየቦታው ልናየው ይገባ ነበር። ማንም አላየውም።

የተደፋው ሲኒ

እዚህ ላይ ባዶውን ሲኒ አንስቼ ሰሃኑ ላይ ደፋሁት። የኛ ሲኒ ጆሮ የለውም፤ ድፍን ክብ ነው፣ ከየትም ብታየው አንድ ነው። አናቱ ላይ አንዲት የቡና ፍሬ አስቀመጥኩ። ፍሬዋ ትንሽ ቆማ፣ ጠረጴዛው ሲነካ ተንከባላ ሰሃኑ ዳር ላይ አረፈች። በአጋጣሚ ወደ አክስቴ በኩል።

ሲኒው ወደ አክስቴ አላዳላም። ሰሃኑም አላዳላም። ሕጉ ክብ ነው፤ ፍሬዋ ያረፈችበት ቦታ ግን አንድ አቅጣጫ መረጠ። ሲሜትሪው አልጠፋም፣ ተደበቀ።

በ1964 ሮበርት ብራውት እና ፍራንሷ ኦንግሌር፣ ለብቻው ደግሞ ፒተር ሂግስ፣ ይህን ሐሳብ ወደ ጌጅ ቲዎሪ አስገቡት። አጽናፈ ዓለሙን ሁሉ የሞላ አንድ መስክ አለ፤ ገና በማለዳ ላይ እንደ ፍሬዋ ተንከባሎ አንድ ቦታ አርፏል። መቀየሪያዎቹ በዚህ መስክ ውስጥ ሲያልፉ ክብደት ያገኛሉ፣ ሕጉ ግን እንደ ሲኒው ክብ ሆኖ ይቀራል። አንዳንዴ ይህን «ጭቃ ውስጥ እንደ መሄድ» ብለው ያስረዳሉ። በሐምሌ ለጅማ ሰው ይህ ምሳሌ ቶሎ ይገባዋል፣ ግን አልወደውም። ጭቃ የሚሄደውን እያዘገየ ያቆማል። የሂግስ መስክ ማንንም አያቆምም፤ የሚሰጠው ክብደት ነው።

ሼልደን ግላሾው፣ ስቲቨን ዋይንበርግ እና አብዱስ ሳላም ይህን ሁሉ ገጣጥመው ኤሌክትሪክንና ደካማ የሚባለውን ኃይል በአንድ አጣመሩ። ደካማው ኃይል ፀሐይ ውስጥ ፕሮቶንን ወደ ኒውትሮን የሚለውጠው ነው፤ ያለሱ ፀሐይ አትነድም። ሦስቱ በ1979 ኖቤል ወሰዱ። ሳላም የፓኪስታን ልጅ ነው። በ1964 ጣሊያን ትሪዬስቴ ላይ ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ፊዚሲስቶች ማዕከል አቋቋመ፤ የኛም አገር ሰዎች ተምረውበታል። እኔ ለሱ ያለኝ ክብር ከቀመሩ ይልቅ በዚህ ይበልጣል።

ከዚያ ማረጋገጫው መጣ። በ1983 ጄኔቭ አጠገብ ባለው የቅንጣት ምርምር ማዕከል፣ በሰርን፣ ደብልዩ እና ዜድ የተባሉት የደካማው ኃይል ከባድ መቀየሪያዎች ተገኙ፤ ከፕሮቶን ወደ 86 እና 97 እጥፍ ይከብዳሉ። የአቶምን እምብርት የሚያጣብቀው ኃይል መቀየሪያ፣ ግሉኦን፣ ቀደም ብሎ በ1979 ሃምቡርግ ላይ ታይቷል። ሐምሌ 4 ቀን 2012 ደግሞ የሂግስ ቅንጣት ይፋ ሆነ፣ ከፕሮቶን 133 እጥፍ ገደማ። እነዚህን ሁሉ ያቀፈው፣ ዛሬ ስታንዳርድ ሞዴል የምንለው ንድፈ ሐሳብ፣ 12 መቀየሪያዎች አሉት። ስምንቱ ግሉኦኖች ናቸው፤ ሦስቱ ደብልዩ ሁለቱና ዜድ፤ አንዱ ፎቶን።

ስለ ክብደት አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለሚሳሳትበት። ክብደት ሁሉ ከሂግስ አይመጣም። አክስቴ መጋዘን ውስጥ ካለው 100 ኪሎ ኩንታል ቡና፣ ፕሮቶንና ኒውትሮን ከተሠሩባቸው ከኳርኮቹ የራስ ክብደት የሚመጣው ወደ 1 ኪሎ ገደማ ነው። የቀረው ማለት ይቻላል ሁሉ ፕሮቶንና ኒውትሮን ውስጥ ታፍነው የሚሯሯጡት ኳርኮችና ግሉኦኖች ጉልበት ነው። ሐማል የሚሸከመው በአብዛኛው መቀየሪያ ነው።

ሞዴሉ የማይደርስበት

ስታንዳርድ ሞዴል በተፈተነበት ሁሉ ማለት ይቻላል አልፏል። ግን ሙሉ እንዳልሆነ በእርግጠኝነት እናውቃለን። ኒውትሪኖ የተባለችው ቅንጣት በሞዴሉ መሠረት ክብደት የላትም። በ1998 የጃፓኑ ሱፐር ካሚዮካንዴ፣ በ2001 ደግሞ ካናዳ ውስጥ የተሠራ ሙከራ፣ ኒውትሪኖዎች በጉዞ ላይ ከአንድ ዓይነት ወደ ሌላ እንደሚለወጡ አሳዩ። ክብደት ከሌላቸው መለወጥ አይችሉም። ሁለተኛ፣ ጋላክሲዎች በሚታየው ቁሳቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ እንደዚያ መሽከርከር አይችሉም፤ ቬራ ሩቢን በ1970ዎቹ በጥንቃቄ ለክታዋለች። በአጽናፈ ዓለሙ ውስጥ እኛ የምናውቀው ቁስ ወደ 5 ከመቶ ነው፤ ወደ 27 ከመቶ የሚሆነው ጨለማ ቁስ የሚባል የማይታይ ነገር ነው። በሞዴሉ ዝርዝር ውስጥ ለሱ የሚሆን ቅንጣት የለም። ፀረ ቁስ ወዴት ሄደ የሚለውም አለ፤ የመሬት ስበትም ከነጭራሹ አልተካተተም።

ስለዚህ ሰው ይፈልጋል። ከሚፈለጉት ነገሮች አንዱ ሌላ መቀየሪያ ነው፣ ማለትም እስካሁን ያላየነው የመምረጥ ነፃነት።

ቀጥተኛው መንገድ ማጋጨት ነው። የሰርን ትልቁ ማፋጠኛ 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ አለው፣ ከመሬት በታች 100 ሜትር ገደማ ላይ ተቀብሯል። የፕሮቶን ጥቅሎች በሴኮንድ እስከ 40 ሚሊዮን ጊዜ ይተላለፋሉ። አዲስ ከባድ መቀየሪያ ካለ ወዲያው ወደ ሁለት ኤሌክትሮን ወይም ወደ ሁለት ሙዎን (የኤሌክትሮን ከባድ ወንድም) ይፈርሳል፣ ግራፉ ላይ ጉብ ብሎ ይታያል። ለዚህ በብዛት የታሰቡት ዓይነቶች ከፕሮቶን 5 ሺህ እጥፍ ገደማ ክብደት ድረስ ተፈልገው አልተገኙም። ጨለማ ፎቶን የሚባል ቀላልና ደካማ መቀየሪያም በሌሎች ሙከራዎች እየተፈለገ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚስበኝ የፕሮቶኑ ጉዳይ ነው። በ1974 ሃዋርድ ጆርጃይ እና ግላሾው 12ቱን መቀየሪያዎች በአንድ ትልቅ ቤተሰብ ውስጥ አስገቧቸው። ቤተሰቡ 24 አባላት አሉት። አዲሶቹ 12 ኳርክን ወደ ኤሌክትሮን ወገን መለወጥ ይችላሉ። ይህ ማለት ፕሮቶን ራሱ አንድ ቀን ይፈርሳል። የኔም፣ የእናንተም፣ የበርጩማውም ፕሮቶን።

ይህን እንዴት ይፈትኑታል? አንድ ፕሮቶን ይዘህ ብትጠብቅ ዕድሜህ አይበቃም። ቡና ለቃሚዎች የሚያውቁት ዘዴ አለ። ከሚሊዮን ፍሬ አንዷ ብቻ ብልሹ ከሆነች፣ አንዲት ፍሬ ይዘህ ዓመት አታፈጥም፤ ክምሩን ዘርግተህ ታያለህ። ጃፓኖች ካሚዮካ በተባለ ቦታ፣ ተራራ ሥር 1 ሺህ ሜትር ወርደው፣ 50 ሺህ ቶን ንጹሕ ውሃ አጠራቀሙ። ዙሪያውን ከ11 ሺህ በላይ የብርሃን ዓይኖች ገጠሙ። አንድ ፕሮቶን ብትፈርስ ብልጭታዋ ይታያል። ከ1996 ጀምሮ ያፈጣሉ። አንድም አልታየም። የፕሮቶን ዕድሜ በዚያ መንገድ ከታሰበ ከ1 እና ከ34 ዜሮዎች በላይ ዓመት ነው። የ1974ቱ ቀላሉ ቤተሰብ በእንዲህ ያለ ፍለጋ ወድቋል፤ ሌሎች የተወሳሰቡ ቤተሰቦች ግን እንዳሉ ናቸው።

ያኔ ኒውትሪኖ ሲለወጥ ያየው ይኸው ውሃ ነው። ከሱ በፊት የነበረው ታናሹ ካሚዮካንዴ የተሠራው በዋናነት ፕሮቶን ሲፈርስ ለማየት ነበር። ከሞዴሉ ውጭ ያለው የመጀመሪያው እርግጠኛ ምልክት የተገኘው ሌላ ነገር ሲጠበቅ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ተስፋ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ሙዎን ከኤሌክትሮን 207 እጥፍ ይከብዳል። ማግኔታዊ ባሕሪው ከስሌቱ ትንሽ ያፈነገጠ መስሎ ነበር፤ በ2021 የአሜሪካው ቤተ ሙከራ ፌርሚላብ ያወጣው ውጤት ዓለምን አነጋገረ። በ2025 የመጨረሻው ልኬት ሲወጣ ከቢሊዮን 127 ብቻ የሚሳሳት ሆኖ መጣ። እስከዚያው ግን ስሌቱ ራሱ በአዲስ ዘዴ ተሠርቶ ወደ ልኬቱ ተጠጋ። ክፍተቱ ከሞላ ጎደል ተዘጋ።

ሌላው ይበልጥ ልቤን ሰብሮታል። መቀየሪያዎች ፊት አያዩም። ለኤሌክትሮንም ለሙዎንም አንድ ዓይነት ናቸው፣ ልክ ሚዛን የማን ቡና እንደሆነ እንደማይጠይቅ። በ2021 የሰርን አንድ ቡድን አንዳንድ ቅንጣቶች ሲፈርሱ ሙዎን ከኤሌክትሮን ያነሰ እንደሚወጣ የሚጠቁም ነገር አሳተመ። እውነት ቢሆን ፊት የሚያይ አዲስ መቀየሪያ አለ ማለት ነበር። ያው ቡድን ሥራውን ደግሞ ፈተሸ። ኤሌክትሮን ተብለው ከተቆጠሩት መካከል ኤሌክትሮን ያልሆኑ እንዳሉ አገኘ። በታኅሣሥ 2022 የታረመውን አወጣ። ልዩነቱ ጠፋ። ይህን ለአክስቴ ስነግራት ሳትደነቅ «ሚዛኑን ራሳቸው ካስመረመሩ ሰዎቹ ታማኝ ናቸው» አለች።

ከዚያ የመጨረሻ ነገር ነገርኳት። ኤሌክትሮን ሁለት ወንድሞች አሉት፣ ሙዎን እና ታው። ኳርኮችም እንዲሁ ሦስት ትውልድ ናቸው። ከክብደታቸው በቀር አንድ ናቸው። ሰርን ከ1989 ጀምሮ የዜድን አፈራረስ ሲለካ ቀላል ኒውትሪኖዎች በትክክል ሦስት ዓይነት እንደሆኑ ተቆጠረ። አራተኛ የለም።

«ለምን ሦስት?» አለች።

ጌጅ ቲዎሪው አይናገርም አልኳት። ሁለትም አምስትም ቢሆኑ ቀመሩ ይሠራል።

በርጩማውን በእግሯ ነካ አደረገችው። «ይሄ እንኳን ሦስት የሆነው ወለሉ ቢጎረብጥም እንዳይናጋ ነው። የነሱም አንድ ምክንያት ሳይኖረው አይቀርም።»

ጀበናውን አንስታ በረካውን ቀዳችልኝ።